ኦንዶልና ማሩ፦ የኮሪያ ቤት ሙቀቱን እንዴት እንደ ከፋፈለ

በኮሪያ ባህላዊ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ወለል አለ። አንደኛው ከሥሩ የእሳት ሙቀት የሚያልፍበት የድንጋይና የጭቃ ወለል ነው፤ ኦንዶል ይባላል። ሁለተኛው ከመሬት ከፍ ብሎ በሳንቃ የተነጠፈና በሥሩ ነፋስ የሚመላለስበት ወለል ነው፤ ማሩ ይባላል። ኦንዶል የብርድ ወራት፣ ማሩ የሙቀት ወራት መኖሪያ ነው። ቤተሰቡ እንደ ወቅቱ ከአንዱ ወለል ወደ ሌላው ይዘዋወራል እንጂ ቤቱን በሙሉ ለማሞቅም ሆነ ለማቀዝቀዝ አይደክምም። ዛሬ የቤት ኃይል ቁጠባ ሲነሣ ባለሙያዎች የሚመክሩት፣ ቤቱን በክፍል በክፍል ለይቶ ሰው ያለበትን ብቻ የማሞቅና የማቀዝቀዝ ዘዴ፣ በዚያ አገር የቤት አሠራር ደንብ ሆኖ ብዙ መቶ ዓመታትን አሳልፏል።

ለዚህ ያበቃው የአየሩ ጠባይ ነው። በሴኡል የጥር ወር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን የነሐሴ ወር አማካይ ወደ 26 ዲግሪ ይደርሳል። በብርድ ወራት ከሳይቤሪያ በኩል ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል፤ በሙቀት ወራት ደግሞ ከፓስፊክ ውቅያኖስ እርጥበት የተሸከመ አየር ይመጣል። ለጥር ብቻ ተብሎ በወፍራም ግድግዳና በትንንሽ መስኮት የተሠራ ቤት ነሐሴ ላይ ያፍናል። ለነሐሴ ብቻ ተብሎ ክፍት የተተወ ቤት ጥር ላይ ሰው አያኖርም። የኮሪያ አናጢዎችና ድንጋይ ጠራቢዎች መፍትሔ ያደረጉት ሁለቱን ጠባዮች በአንድ ጣሪያ ሥር ለያይቶ ማስቀመጥ ነበር።

የሞቀው ወለል አሠራር

ኦንዶል በቻይና ፊደል የሚጻፍ ስም ነው፤ «ኦን» ሙቅ ማለት ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ሕዝቡ የሚጠቀምበት ጥንታዊ የአገሩ ቃል «ጉድል» ሲሆን ብዙዎች «የተጠበሰ ድንጋይ» ከሚል ሐረግ የመጣ ነው ይላሉ። ስሙ አሠራሩን በሚገባ ይገልጻል፤ በዚህ ቤት ውስጥ ሙቀቱን ተቀብሎ የሚያቆየው ድንጋዩ ነውና።

እሳቱ የሚነደው በማድቤቱ በኩል፣ ከክፍሉ ግድግዳ ሥር በተከፈተ የእሳት አፍ ነው። ይህ አፍ አጉንጊ ይባላል። ከላዩ ድስቶቹ የሚጣዱበት የጭቃ ምድጃ ስላለ ሩዙን የሚያበስለውና ክፍሉን የሚያሞቀው አንድ ማገዶ ነው። የማድቤቱ ወለል ከመኝታው ክፍል ወለል ዝቅ ተደርጎ ይሠራል፤ ነበልባሉና ጭሱ ሽቅብ ተስበው ወደ ወለሉ ሥር እንዲገቡ ነው። ከመግቢያው ቀጥሎ ትንሽ ከፍታ አለች። ነበልባሉ እሷን ተሻግሮ ከወለሉ በታች በተቀደዱት የጭስ ቦዮች ውስጥ ይሰራጫል። በቦዮቹ ላይ ሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ይደረደራሉ፤ ለእሳቱ የቀረቡት ወፍራሞች፣ የራቁት ስሶች ይሆናሉ። እንዲህ የሚደረገው ከእሳቱ አጠገብ ያለው ወለል ሰው እንዳያቃጥል፣ የራቀውም ጨርሶ እንዳይቀዘቅዝ ነው። ድንጋዮቹ ከተደረደሩ በኋላ ክፍተታቸው በጭቃ ይመረጋል፣ ከላይ ይለሰናል፣ በመጨረሻም ዘይት በጠጣ ወፍራም ወረቀት ይሸፈናል። ወረቀቱ ጭስ አያሳልፍም፣ ለመጥረግም ይመቻል፣ በጊዜ ብዛት ደግሞ ወርቃማ ቀለም ይይዛል።

ቦዮቹ በክፍሉ ሌላኛው ጫፍ ወደ አንድ ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ይደርሳሉ። ጭሱ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ጥቀርሻውን ያራግፋል፣ ከዚያም በጭስ ማውጫው ይወጣል። ከውጭ ነፋስ ጭሱን መልሶ ቢገፋው ወደ ክፍሉ ሳይዘልቅ የሚያስቀረውም ይኸው ጉድጓድ ነው። ጥሩ የጉድል ባለሙያ የሚታወቀው ጭሱ ሙቀቱን ለድንጋዩ ትቶ እንዲወጣ በማድረጉ ነው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ ገና ትኩስ ከሆነ ማገዶው ባክኗል ማለት ነው።

እሳቱ በተለምዶ ጧትና ማታ፣ ምግብ በሚበስልበት ሰዓት ይነድዳል። ድንጋዩ የጠጣውን ሙቀት ቀስ እያለ ስለሚለቅ ማታ የነደደ እሳት ሌሊቱን ያሳድራል። ሰው የሚበላውም፣ የሚሠራውም፣ የሚተኛውም ወለሉ ላይ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ጣሪያ ከመውጣቱ በፊት መጀመሪያ ሰውነትን ያገኛል። ጫማን ደጃፍ ላይ ማውለቅ፣ ፍራሽን ቀን አጣጥፎ ማታ መዘርጋት፣ ዝቅ ባለ ገበታ ዙሪያ መቀመጥ፣ እነዚህ ሁሉ ከሞቀው ወለል ጋር አብረው የኖሩ ልማዶች ናቸው።

አንዱ ክፍል ራሱ እኩል አይሞቅም። ለእሳቱ አፍ የቀረበው ወገን አሬንሞክ፣ የራቀው ወገን ዊንሞክ ይባላል። አሬንሞክ የክብር ቦታ ነው፤ አዛውንት፣ እንግዳ፣ አራስና በሽተኛ ይቀመጡበታል። አምሽቶ ለሚመጣ የቤተሰብ አባል የሩዝ ሳሕን ከብርድ ልብስ ሥር ተደርጎ የሚቆየው እዚያ ነው። አኩሪ አተር እንዲብላላ የሚቀመጠውም በዚሁ ሙቅ ጥግ ነው። ዊንሞክ በአንጻሩ ሣጥንና ልዩ ልዩ ዕቃ ይቀመጥበታል። ስለዚህ ቤቱ በክፍሎች ከመከፋፈሉ አልፎ አንዱ ክፍል ራሱ የሞቀና የቀዘቀዘ ወገን አለው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስነውም ዕድሜና አክብሮት ነው።

ብዙ ክፍል ባለው ቤት ውስጥ ደግሞ ክፍሎቹ የየራሳቸው የእሳት አፍ አላቸው። ሰው ያላደረበት ክፍል እሳት አይገባለትም። የቤቱ እመቤት ማታ ማታ የትኛው አፍ እንደሚነድድና የትኛው እንደሚዘለል ትወስን ነበር፤ የዛሬ ቤት ባለቤት በቁልፍ የሚያደርገውን እሷ በማገዶ እቅፍ ታደርገው ነበር።

ከሞቀ መደብ ወደ ሞቀ ክፍል

የኦንዶል ጥንታዊ መልክ ሙሉ ወለል አልነበረም። በኮሪያ ልሳነ ምድር ሰሜንና በቱመን ወንዝ አካባቢ በተቆፈሩ የብረት ዘመን መኖሪያዎች የተገኘው በግድግዳው ጥግ የሚሄድ፣ አንድ ወይም ሁለት የጭስ ቦይ በውስጡ ያለው መደብ ነው። ብዙ ጊዜም ወደ ጎን ታጥፎ ማዕዘን ይሠራል። የሚሞቀው መደቡ ብቻ ነው፤ የቀረው ወለል ተራ መሬት ነው።

የጥንቱ የጎጉርዮ መንግሥት ሕዝብም በዚህ ዓይነት ቤት ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ945 በቻይና የተጠናቀቀው «የቀድሞው ታንግ መጽሐፍ» የተባለው ታሪክ ስለ ጎጉርዮ ሲናገር፣ ሕዝቡ በብርድ ወራት ረጅም ቦይ ሠርቶ ከሥሩ እሳት በማንደድ እንደሚሞቅ ይገልጻል። ዛሬ በሰሜን ኮሪያ ግዛት የሚገኘውና እ.ኤ.አ. የ357 ጽሑፍ ያለበት የአናክ 3ኛ መቃብር ግድግዳም የማድቤት ሥዕል አለው፤ ምድጃውና የሚያበስሉት ሴቶች ይታያሉ። ከጎጉርዮ በኋላ በተነሣው የባልሄ መንግሥት (698–926) ፍርስራሾች ውስጥ ደግሞ ባለ ሁለት ቦይ የሞቁ መደቦች በብዛት ተገኝተዋል።

ቦዮቹ ሙሉውን ክፍል መሸፈን የጀመሩት በጎርዮ ዘመን (918–1392) እንደሆነ ይታመናል። በደቡብ፣ በጂሪ ተራራ የሚገኘው የቺልቡልሳ ገዳም በዚህ ረገድ የሚነገርለት ክፍል አለው። ወለሉ ከፍና ዝቅ ተደርጎ በመስቀልኛ ቅርጽ የተሠራ ሲሆን፣ ትውፊቱ አንድ ጊዜ የነደደ እሳት ሳምንታትን ሙሉ ያሞቀው ነበር ይላል። ሕንጻው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተቃጥሎ በኋላ ታድሷል።

በጆሰን ዘመን (1392–1897) መጀመሪያ ላይም ኦንዶል የሁሉም ሰው አልነበረም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሴኡል በሚገኘው በሶንግዩንግዋን፣ ማለትም በመንግሥቱ ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ የሞቀ ክፍል መጀመሪያ የተሠራው ለታመሙ ተማሪዎች ነበር፤ ቁጥሩ እየጨመረ የሄደው ቀስ በቀስ ነው። ሊቁ ዪ ኢክ (1681–1763) ከሽማግሌዎች የሰማውን ሲጽፍ፣ ከመቶ ዓመት በፊት በትልልቅ ባለሥልጣናት ቤት እንኳ ከአንድ ወይም ከሁለት በላይ ኦንዶል እንዳልነበረ፣ እሱም ለአረጋውያንና ለሕሙማን የተመደበ እንደነበረ፣ ሌላው ቤተሰብ ግን በሳንቃ ወለል ላይ እንደሚኖር ይገልጻል። ይህ ምስክርነት የኦንዶልን መነሻ ሐሳብ በግልጽ ያሳያል፤ ሙቀት ውድ ነገር ነውና ይበልጥ ለሚያስፈልገው ሰው ይሰጣል።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን አየሩ በጣም ቀዘቀዘ። በ1670 እና በ1671 የደረሰው ታላቅ ረኀብ የዚያ ዘመን ክፉ ትዝታ ነው። የሞቀው ወለል ወደ ደቡቡ ክፍለ አገርና ወደ ሁሉም የኅብረተሰብ ክፍል የተስፋፋውም በዚሁ ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ የድሃ ጎጆም ቢሆን ያለ አንድ ኦንዶል አይሠራም ነበር።

የነፋሱ ወለል

ኦንዶል ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርድ ማሩ ደግሞ ከደቡብ ወደ ሰሜን ወጣ ይባላል፤ ሁለቱ በአንድ ቤት ተገናኝተው ሀኖክ የሚባለውን የኮሪያ ቤት መልክ ሰጡት። በመካከለኛና በደቡባዊ አውራጃዎች ያለ ቤት፣ በሁለት የሞቁ ክፍሎች መካከል ፊቱ የተከፈተ ሰፊ የሳንቃ አዳራሽ ይኖረዋል። ስሙ ዴቾንግ ነው።

ዴቾንግ የሚቀዘቅዘው ያለ ምንም ማሽን ነው። ከቤቱ ፊት ያለው ግቢ ዛፍና ሣር አይተከልበትም፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይግላል፣ ከላዩ ያለው አየርም ይነሣል። ከቤቱ ኋላ ያለው ጓሮ ግን በዛፍና በኮረብታ ጥላ ሥር ስለሆነ ቀዝቃዛ አየር ይይዛል። የፊቱ አየር ሲነሣ የኋላው በዴቾንግ የኋላ መስኮት ገብቶ በአዳራሹ ያልፋል። ከሳንቃው በታችም ነፋስ ስላለ ወለሉ አይግልም።

ታዛውም የራሱ ድርሻ አለው። በሴኡል ቀኑ በሚረዝምበት በሰኔ ወር ፀሐይ ቀትር ላይ ወደ 76 ዲግሪ ከፍታ ትወጣለች፤ ቀኑ በሚያጥርበት በታኅሣሥ ግን ከ29 ዲግሪ አትዘልም። ወደ ፊት የተዘረጋ ታዛ የመጀመሪያዋን ፀሐይ ከልክሎ ሁለተኛዋን ያስገባል። በክፍሎቹና በአዳራሹ መካከል ያሉት መዝጊያዎች ወደ ላይ ተነሥተው ከጣሪያው በወረዱ የብረት ቆልማሞች ላይ ይንጠለጠላሉ። በብርድ ወራት ትንንሽ የሞቁ ክፍሎች የነበሩት በሙቀት ወራት አንድ ሰፊ የነፋስ ቤት ይሆናሉ።

ቤቱ እንደ አገሩ ይለዋወጣል። በሰሜን ጫፍ፣ በሃምግዮንግ አውራጃ፣ ማሩ የለም፤ ክፍሎቹ በሁለት ረድፍ ተጠጋግተው ይሠራሉ፣ ከማድቤቱ ጋር በግድግዳ ያልተለየ ሰፊ የሞቀ ወለልም የቤተሰቡ መዋያ ይሆናል። ወደ ደቡብ ሲወረድ ቤቱ በአንድ ረድፍ ይዘረጋል፣ ማሩም ይሰፋል። በጄጁ ደሴት ብርዱ ቀላል ስለሆነ የማብሰያው እሳት ከወለሉ ጋር ጨርሶ አይገናኝም፤ ክፍሉን ማሞቅ ሲያስፈልግ ለብቻው ይነድዳል። በሌሎች አካባቢዎችም በሙቀት ወራት ከቤት ውጭ ሌላ ምድጃ ተሠርቶ እዚያ ይበሰላል፣ የማብሰያው ሙቀት ወደ መኝታ ክፍል እንዳይገባ ነው። በዝናብ ወራት ግን እርጥበቱን ለማድረቅ አልፎ አልፎ እሳት ይገባል።

በሴኡል ግዮንግቦክጉንግ ቤተ መንግሥት ይህ ሥርዐት ከፍተኛ ጌጥ አግኝቷል። ቤተ መንግሥቱ በ1860ዎቹ እንደገና ሲታነጽ የተሠሩት የአሚሳን የአትክልት ስፍራ የሸክላ ጭስ ማውጫዎች ከሕንጻው ርቀው በአበባ መደቦች መካከል ቆመዋል፤ ጭሱ ከመሬት በታች ወደ እነሱ ይሄዳል። በጃግዮንግጆን ሕንጻ ጀርባ ያለው ጭስ ማውጫ ደግሞ የረጅም ዕድሜ ምልክቶች የተቀረጹበት አንድ ግንብ ሲሆን ከአናቱ አሥር የጭስ መውጫዎች አሉት። ከየክፍሉ የሚመጡት ቦዮች እዚያ ይገናኛሉ። ክፍሎቹ በእሳት ቢለያዩም የጭሳቸው መውጫ አንድ ሆኖ ተጊጧል።

የማገዶ ዋጋ

ይህ ቤት ያለ ዕዳ አልኖረም። ኦንዶል በየቤቱ ሲገባ የማገዶው ፍጆታ ደኑን በላው። የጆሰን መንግሥት ጥድን ለመርከብ፣ ለሕንጻና ለሬሳ ሣጥን እንዲቆይ በሕግ ይጠብቅ ነበር፤ ተራው ሰው ቅጠል፣ ጭራሮና ገለባ እየሰበሰበ ያነድ ነበር። ሆኖም በከተሞች ዙሪያ ያሉ ኮረብታዎች ተራቆቱ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ አገሩ የገቡ የውጭ ተጓዦችም ይህንኑ ጽፈዋል።

የአገሩ ሊቃውንት ችግሩን ቀድመው አይተውታል። ፓክ ጂ-ወን (1737–1805) እ.ኤ.አ. በ1780 ወደ ቻይና ተጉዞ በጻፈው የጉዞ መጽሐፉ፣ የአገሩን ኦንዶል ከቻይናው የሞቀ መደብ ጋር አነጻጽሮ ስድስት ጉድለቶች ቆጥሮበታል። ድንጋዮቹ ወጣ ገባ መሆናቸውን፣ ቦዮቹ ከመጠን በላይ ከፍና ሰፋ ማለታቸውን፣ ግድግዳው ስስና ስንጥቅ የበዛበት መሆኑን፣ ማገዶው መባከኑን ነቅሷል። ሶ ዩ-ጉ (1764–1845) የገጠር ኑሮን በሚመለከተው ሰፊ መጽሐፉ ስለ ወለሉ አሠራርና መሻሻል ጽፏል። የእነዚህ ሰዎች ትችት ተገቢ ነበር። ቤቱን በክፍል መለየት ብቻውን አይበቃም፤ የተለየው ክፍል ግድግዳ ነፋስ የሚያሳልፍ ከሆነ የገባው ሙቀት ተመልሶ ይወጣል።

በጃፓን አገዛዝ (1910–1945) እና በኮሪያ ጦርነት (1950–1953) ጊዜ የደኑ ሁኔታ ይበልጥ ከፋ። ለጦርነቱ የዘመተው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1951) ፑሳን ወደብ የደረሰው አገሩ በዚህ ችግር ላይ ሳለ ነበር፤ ቤቶች ፈርሰው፣ ኮረብታዎች ተራቁተው፣ ሕዝቡ ለመጪው ብርድ ማገዶ አጥቶ።

የከሰል ዘመን

ከጦርነቱ በኋላ የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ደኑን ለማዳን ከተሞች ከማገዶ ወደ ድንጋይ ከሰል እንዲዞሩ ገፋ። ዮንታን የሚባለው የከሰል ጡብ ከተፈጨ ከሰል የሚጠፈጠፍ፣ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳዎች ያሉት ክብ ነገር ነው። በጣም የታወቀው ባለ 22 ቀዳዳው ሲሆን 3.6 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አንዱ ዮንታን ለብዙ ሰዓታት ስለሚነድ እሳቱ ሳይጠፋ በሌላ ይተካል። የአንድ ትውልድ እናቶች ከሌሊት እንቅልፋቸው ተነሥተው ዮንታን ይለውጡ ነበር። አመዱ ደግሞ በረዶ ባዳለጠው መንገድ ላይ ይበተን ነበር።

የከሰሉ ጥቅም ከደኑ አንጻር ትልቅ ነው። መንግሥት በ1973 የጀመረው የደን ልማት ዕቅድ ሊሳካ የቻለው የተተከለው ችግኝ ለማገዶ ባለመቆረጡ ጭምር ነው፤ ዛሬ የአገሩ ተራሮች በደን ተሸፍነዋል። በቤት ውስጥ የተከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ነበር። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። የወለሉ ልስን ትንሽ ከተሰነጠቀ ጋዙ ወደ ክፍሉ ይገባል፣ ወለሉ ላይ የተኙትም ሳይነቁ ይሞታሉ። ይህ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በየብርዱ ወራት ከዜና የማይጠፋ ሐዘን ነበር። ሰዎች መድኃኒት መስሏቸው የኪምቺ ውኃ ለተመረዙት ያጠጡ ነበር፤ የሚያድነው ግን ንጹሕ አየርና ኦክስጅን ብቻ ነው።

ከጭስ ወደ ውኃ

መፍትሔው የመጣው እሳቱን ከወለሉ ሥር በማውጣት ነው። እሳቱ በአንድ ቦይለር ውስጥ ተዘግቶ ውኃ ያሞቃል፤ የሞቀው ውኃ በወለሉ ውስጥ በተቀበሩ ቱቦዎች ይዞራል። ቦዩን ቱቦ፣ ጭሱን ውኃ፣ ጠፍጣፋውን ድንጋይ ሲሚንቶ ተካው።

የአፓርታማ መስፋፋት ለውጡን አፋጠነው። በ1962 የመጀመሪያው ክፍል የተጠናቀቀው የማፖ አፓርታማ በአገሩ የትልልቅ የመኖሪያ ሕንጻ ግቢዎች ፋና ወጊ ነበር። በ1970ዎቹ ከተሠሩት ዘመናዊ አፓርታማዎች ብዙዎቹ እንደ አውሮፓ ቤቶች በራዲያተር የሚሞቅ ሳሎን ነበራቸው። ነዋሪው ግን ሶፋውን ትቶ ወለሉ ላይ መቀመጥ ወደደ፤ በ1980ዎቹ የሞቀው ወለል ሳሎኑንም መልሶ ያዘው።

በዚህ ሽግግር መካከል አንድ ነገር ጠፍቶ ነበር። በአንድ ማዕከላዊ ቦይለር የሚሞቅ ሕንጻ ሙቀቱን በተወሰነ ሰዓት ለሁሉም ቤትና ለሁሉም ክፍል እኩል ይልካል። ባዶ ክፍልም ይሞቃል፣ የሞቀው ቤት ነዋሪም መስኮት ከፍቶ ያቀዘቅዛል። በእያንዳንዱ አጉንጊ ላይ ይደረግ የነበረው ምርጫ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ።

ምርጫው የተመለሰው በጋዝ ነው። ደቡብ ኮሪያ ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ከውጭ ማስገባት የጀመረችው በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ ጋዙ በቱቦ ወደየቤቱ ሲደርስ እያንዳንዱ አፓርታማ የራሱን ትንሽ ቦይለር አስገባ። ከቦይለሩ የሚወጣው ሙቅ ውኃ፣ ብዙ ጊዜ ከማድቤቱ የዕቃ ማጠቢያ ሥር ወደሚገኝ ማከፋፈያ ይሄዳል። ማከፋፈያው ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ ቫልቭ አለው። ልጁ ለትምህርት ሌላ ከተማ ከሄደ የእሱ ክፍል ቫልቭ ይዘጋል፤ እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል። በኋላ በተሠሩት ቤቶች ይህን በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለ የሙቀት መቆጣጠሪያ ያደርገዋል። እሳቱ ከማድቤት በኩል ተነሥቶ ወደተመረጠው ክፍል ብቻ የሚሄድበት ጥንታዊ ሥርዐት በሌላ መልክ ተመለሰ።

ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው የፓክ ጂ-ወን ትችት ለቫልቩም ይሠራል። የተዘጋ ክፍል በጣም ከቀዘቀዘ የጎረቤቱን ክፍል ሙቀት በግድግዳ በኩል ይስባል፤ በሩ ካልተዘጋና መስኮቱ ካልጠበቀ ቁጠባው ይቀንሳል። በከባድ ብርድ ጨርሶ የተዘጋ መስመር ውኃው ሊረጋ፣ ቱቦውም ሊፈነዳ ይችላል። የሲሚንቶ ወለል ቀስ ብሎ ስለሚሞቅና ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ለአንድ ሁለት ሰዓት ማጥፋትና ማብራት ብዙም አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ለረጅም ጊዜ ሰው የማይገባበትን ክፍል በዝቅተኛ ሙቀት ማቆየት ነው።

በማቀዝቀዝ በኩልም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። አፓርታማው ማሩን አስቀረው፤ ነፋሱን የተካው የአየር ማቀዝቀዣ ማሽን ሆነ። መንግሥት ከዓለም የነዳጅ ቀውስ በኋላ በ1974 ለቤት ኤሌክትሪክ የደረጃ ታሪፍ አወጣ። ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። በ2016 ደረጃዎቹ ከ6 ወደ 3 ዝቅ ቢሉም ሐሳቡ አልተለወጠም። በዚህ የተነሣ ብዙ ቤተሰብ በነሐሴ ሙቀት ማሽኑን በአንድ ክፍል ብቻ ከፍቶ እዚያው ይሰበሰባል፣ እዚያው ይተኛል። አያቶቻቸው በዴቾንግ ላይ ያደርጉት የነበረውም ይኸው ነው።

የሞቀው ወለል ከአገሩም ወጥቷል። አሜሪካዊው የሕንጻ ባለሙያ ፍራንክ ሎይድ ራይት ቶኪዮ ውስጥ በባሮን ኦኩራ ቤት በብርድ ወራት ተጋብዞ ከነበረበት ቀዝቃዛ የመመገቢያ ክፍል ወደ አንድ «የኮሪያ ክፍል» ሲገባ የተሰማውን ምቾት በጽሑፍ ትቷል። ከዚያ በኋላ በዊስኮንሲን ግዛት በማዲሰን ከተማ በ1937 የተጠናቀቀውን የጄኮብስን ቤት ሲሠራ ቱቦዎቹን ከሲሚንቶው ወለል ሥር ቀበረ። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራው የወለል ማሞቂያ ከዚህ ልምድ ብዙ ቀስሟል።

ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 የኦንዶልን ባህል በብሔራዊ ኢ-ቁሳዊ ቅርስነት መዘገበች። እንዲህ ያለ ቅርስ ሲመዘገብ ሙያውን የሚጠብቅ ግለሰብ ወይም ማኅበር አብሮ መሰየሙ የተለመደ ነው። ለኦንዶል ግን ማንም አልተሰየመም፤ ሕዝቡ ሁሉ በየቤቱ የሚጠብቀው ልማድ ስለሆነ።